ወደ ግራ የሚስበው መኪና

ሰፈሩ ውስጥ የብረት በር ያስገጠመ ሁሉ በያጁን ያውቀዋል። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ቀጠሮ አያፋልስም፣ ሰው ሲያወራ ጣልቃ አይገባም። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሰማይ ቢደፋም አይገኝም። ቅዳሜ ከሰዓት በያጅ የሚባል ሰው የለም፤ በእሱ ፈንታ «አባ ጭቃ» የሚባል ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የአፈር ሜዳ ላይ፣ ከመሰሎቹ እብዶች ጋር (ቃሉ የሚስቱ ነው)፣ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፈ ሲሽከረከር ይውላል።

«ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር ነዳህ?» ትለው ነበር ሚስቱ ድሮ፣ በረንዳው ላይ አቧራውን ሲያራግፍ።

«መቶ ሳይሞላ አይቀርም።»

«እና የት ደረስክ?»

«እዛው።»

«እግዜር ያጽናህ!» ብላ ትስቅ ነበር።

ከውድድሩ ይልቅ የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው። ሜዳው ላይ ከሚያውቃቸው ሰዎች አንዱ ከሚስቱ ተለያይቷል፤ ሌላው ለቤቱ «ሥራ አለብኝ» ብሎ ተደብቆ ነው የሚመጣው። እሱ ግን ሜዳውንና ቤቱን አስታርቄ ይዣለሁ ባይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የሜዳው፤ የቀረው ሁሉ የቤቱ። በተለይ እሑድ። እሑድ ከጸሎት መልስ አማቱን ያጥባቸዋል። ሽማግሌው ግማሽ አካላቸው ከደከመ ወዲህ እነሱው ቤት ናቸው፤ «ልጄ ገላዬን አታይም» ብለው ክችም ስላሉ፣ ከእሱ በስተቀር የሚያጥባቸው ሰው የለም። በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ሕክምናቸው የምታመላልሳቸው ደግሞ ሚስቱ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበትን መኪና ከድና ተነስታ፣ ትንሿ ልጃቸውንም ከትምህርት ቤት እግረ መንገዷን ታመጣለች።

የሚነዱት መኪናዎች ሁለት ናቸው፤ የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ዘመን፣ መንትያ ማለት ይቻላል። አንደኛው የቤቱ ነው። ሁለተኛውን ከወደቀበት አንስቶ፣ ወንበሩን ነቅሎ፣ በብረት ቱቦ አጥሮ የሜዳ መኪና አድርጎታል። መንትያ መሆናቸው ጠቅሞታል፤ ከአንዱ የተፈታ ለሌላው ይገጥማል። የዘንድሮው ውድድር ሲጀመር ለሜዳው መኪና አዲስ ጎማ ገዛ፤ አሮጌዎቹ ገና ጥርሳቸው ስላላለቀ ለቤቱ መኪና አሰረላት።

በዚያው ሰሞን ሚስቱ፣ «መኪናው ወደ ግራ ይስበኛል» ብላው ነበር። ወዲያው ተነስቶ ሰፈሩን አንድ ዙር ነዳው። «ምንም የለው፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው» አላት። እሷም ዳግመኛ አላነሳችም። ትንሽ ቆይቶ ቀኝ ትከሻዋን እያመማት ማታ ማታ ቅባት መቀባት ጀመረች። እሱም ስፌቱ ነው ብሎ አዘነላት፤ መደገፊያው ከፍ ያለ ወንበር በራሱ እጅ በይዶ ሠራላት። «እጅህ ይባረክ» አለችው። ትከሻዋ ግን እንዳመማት ቀረ።

የመጨረሻው ውድድር ሊደረግ የታሰበው ቅዳሜ ነበር። እሱና ፉርኖ የሚሉት ዳቦ ጋጋሪ በነጥብ እኩል ናቸው፤ ከሁለቱ የቀደመ የዓመቱ አንደኛ ነው። በያጁ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ ደርሶት አያውቅም። ሜዳው ላይ ተሰልፈው ሞተር እንዳስነሱ ዝናቡ ዱብ ዱብ አለ፣ ከዚያ ወረደ። አፈሩ ወደ ገንፎነት ተለወጠ። አዘጋጁ ጃንጥላውን ይዞ እየዞረ፣ «መኪናችሁን እዚሁ መጋዘን አስገቡ! ነገ ረፋድ ላይ እንገናኝ!» አለ።

ነገ እሑድ ነው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ የዩኒፎርም ኮሌታ እያዞረች ነበር። አጠገቧ ቆመ፤ አፉ ግን አልፈታ አለው።

«ምንድነው?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ወደ ነገ ዞረ።»

የስፌት መኪናው ታካ ታካውን አቆመ። «ነገ እኮ እሑድ ነው።»

«አባባን በጠዋት አጥባቸዋለሁ። ከዛ በኋላ ነው የምሄደው።»

«እኔ ደግሞ ዩኒፎርሙን ከሰዓት ማስረከብ አለብኝ፤ መኪናውን እፈልገዋለሁ።»

«እንግዲያው አድርሺኝና ተመለሺ። ስጨርስ ከሰው ጋር እመጣለሁ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ሂድ» አለችው።

በያጁ ሰው የሚናገረውን ማዳመጥ ይወዳል፤ በዚህም ይታወቃል። ይህች «ሂድ» ደስ ብሏት ያለቻት እንዳልሆነች ገብቶታል። ግን ሂድ ተብሏል። ሌላውን ላለመስማት ቶሎ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

በማግስቱ ሽማግሌውን ዝቅ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ለብ ያለውን ውሃ በጣሳ እየቀዳ ከትከሻቸው ያፈስ ጀመር። ጀርባቸውን ሲፈትግ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አጉረመረሙ።

«ቀስ… መኪና… አይደለሁም።»

«ይቅርታ አባባ።»

«ቸኩለሃል።»

«ኧረ አልቸኮልኩም!»

«አፍህ… አልቸኮለም። እጅህ ነው።»

አፍሮ ሳቀ። እጁን አዘገየ፤ ከጆሯቸው ኋላ ያለውን ሳሙና ሳይቀር አጠራ። በልቡ ግን አንደኛውን ኩርባ እየታጠፈ ነበር።

ወደ ሜዳው ሲነሱ ቤተሰቡ ሁሉ ተጫነ፤ ሽማግሌው ብቻቸውን ስለማይተዉ እሳቸው ከትንሿ ጋር ከኋላ ተቀመጡ። ደጋፊ ትራስ በግራ ጎናቸው ተደረገላቸው።

«አንቺ ንጂ» አላት ሚስቱን፣ «እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሜዳውን በሐሳቤ ልዙረው።»

«ተኝተህም ግራ ግራውን ነው አይደል የምትዞረው?» አለች ትንሿ።

«ዝም በይ አንቺ፤ አባትሽ ሥራ ላይ ነው» አለች እናቷ።

ከዓመቱ መጀመሪያ ወዲህ በዚህ መኪና ሚስቱ እየነዳች እሱ ጎኗ ተቀምጦ አያውቅም። ዓይኑን ጨፈነ። በሐሳቡ ቀጥታውን ጨርሶ ወደ ኩርባው ሲገባ አንድ ድምፅ ሰማ፤ ሚስቱ ትንፋሿን ስትይዝ፣ ከዚያ በአፍንጫዋ ስትለቀው። ትንሽ ቆይታ እንደገና። ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

መንገዱ እንደ ክር የተዘረጋ ነው። ትናንት የዘነበበት አስፋልት ያብረቀርቃል። ሚስቱ ግን ቀኝ እጇ መሪውን ጨምድዶ ወደ ታች እየጎተተ ነበር፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል። ከፊት ለፊት የጭነት መኪና መጣ። ትንፋሿን ያዘች፣ መሪውን ይበልጥ ጎተተች፤ የጭነት መኪናው ውሃ እየረጨ በግራዋ በኩል ሽው ብሎ ሲያልፍ ለቀቀችው። አውቃው አይደለም። ለምዳዋለች።

«ምን እየታገልሽ ነው?»

«ምኑን?»

«መሪውን!»

«እንዲህ ነው እኮ እሱ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጎማ ከቀየርክልኝ ጀምሮ። ነገርኩህ አይደል?»

«እኔ ስነዳው እኮ ቀጥ ብሎ…» አለና አፉ ላይ ቀረ።

ለሜዳው መኪና በቀኝ በኩል ቁመቱ ረዘም ያለ ጎማ፣ በግራ በኩል አጠር ያለ ይታሰርለታል፤ ሲሮጥ ራሱ ወደ ግራ እንዲያዘነብል፣ ኩርባውን ሳይለመን እንዲታጠፍ። አሮጌዎቹን ለቤቱ ሲያስር፣ እጁ እንደለመደው፣ ረዣዥሞቹን በቀኝ፣ አጫጭሮቹን በግራ አሰራቸው። ሰፈሩን ዞሮ ሲሞክረውም ቀጥ ያለ የመሰለው መኪናው ቀጥ ብሎ አልነበረም፤ የእሱ እጅ ነው ተጣሞ የቆየው። ይባስ ብሎ ሜዳው ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሚስቴ መኪናው ወደ ግራ ይስባል ትላለች፤ መታደል ነው እኮ!» ብሎ አስቆበታል።

ወንበሯ ትዝ አለችው። ብረቱን ሲያለሰልስ፣ ጠርዙ እንዳይቧጥጣት በብሩሽ ሲያሽ። በሁለት የጎማ ርዝማኔ ምክንያት ሚስቱ፣ ልጁና ሽማግሌው ዓመቱን ሙሉ ወደሚመጣው መኪና ሲሳቡ ከርመዋል፤ የያዘቻቸው ያቺ ትከሻ ናት።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው።

«ስንደርስ ትንሽ ቆዪልኝ።»

እንደደረሱ የሜዳውን መኪና ከመጋዘን አውጥቶ ከቤቱ መኪና ጎን አቆመው። ክሪኩን አስገብቶ የሜዳውን የቀኝ ጎማዎች መፍታት ጀመረ። ፉርኖ ከሩቅ አይቶት ሄልሜቱን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ መጣ።

«አባ ጭቃ! ጎማ እየፈታህ? ከመሸነፍ በእግር መሄድ ይሻላል ብለህ ነው?»

«ያንተ ዳቦ አይረር፤ ሂድ ተመልከት።»

«ወደ ግራ የምትስበው መኪና ይቺ ናት?» አለ ፉርኖ፣ የቤቱን መኪና በዓይኑ እየዞረ። ሚስቱ ቀና ብላ ባሏን አየችው። ይህን ነገር ፉርኖ ከየት እንዳወቀው አልጠየቀችም፤ አስተያየቷ ጠየቀው።

«ናት» አለ በያጁ፣ ብሎኑ ላይ እንዳጎነበሰ። «እውነቷን ነበር። እኔ ነኝ የሳትኩት።»

ፉርኖ የያዘውን ቀልድ ዋጠው። የተፈቱትን ጎማዎች አየ፣ ሁለቱን መኪና አየ፣ ገባው። «ረዣዥሞቹን በሙሉ ለእሷ ልትሰጥ ነው? እና አንተ በአራት አጫጭር ልትሮጥ? አይታጠፍልህም እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ከውድድሩ በኋላ ቀይረው እንጂ፤ ሰው አይደለህም?»

ሚስቱም ቀረበች። «እውነቱን ነው። ስንት ጊዜ ነድቼዋለሁ፣ ለዛሬ ምን አለበት? ቤት ስትመጣ ትቀይረዋለህ።»

«አሁን ልትመለሺ ነው። መንገዱ ውሃ ነው።»

«ትናንትም ውሃ ነበር።»

በያጁ የጎማ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ትናንት አላወቅኩም ልልሽ ነበር» አለ ቀስ ብሎ፣ «ግን ነግረሽኛል። ስለዚህ እሱንም ማለት አልችልም።»

ሚስቱ የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና የሚፈታቸውን ብሎኖች መዳፏ ላይ ትቀበል ጀመር። ፉርኖ ራሱን እየነቀነቀ ቆየ፤ ከዚያ ሄልሜቱን መሬት አስቀምጦ ክሪኩን ያዘ። «ቶሎ በል! ብቻዬን ሮጬ ባሸንፍ ማን ያምነኛል?»

አዲሶቹን ረዣዥሞች ከፊት፣ አሮጌዎቹን ከኋላ አሰረላት። አጫጭሮቹ ሁሉ ለሜዳው መኪና ሆኑ።

ሚስቱ መኪናውን አስነስታ በግቢው ረጅም ቀጥታ ላይ ነዳችው። መሐል ላይ ስትደርስ ሁለቱንም እጇን ከመሪው አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈች። መኪናው እንደታጠፈ ወረቀት ጠርዝ ቀጥ ብሎ ሄደ። ትከሻዋ ዝቅ ሲል በያጁ በመኪናው የኋላ መስኮት አየ። «ተመስገን» አለ ለራሱ። እሷ በሩ ጋ ደርሳ ክላክስ ነካ አደረገችና ወጣች፤ ውድድሩን አልጠበቀችም፤ የምታስረክበው ሥራ አላት።

ውድድሩን መተረክ አያስፈልግም። ባንዲራው እንደወረደ ሁሉም ወደ ግራ ታጠፉ፤ የበያጁ መኪና ግን ወደ አጥሩ ቀጥ ብሎ መሄድ አማረው። መሪውን በግራ እጁ ወደ ታች ጎተተ። መኪናው አኮረፈ። ነዳጁን ለቆ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እየጎተተ አስገባው። ሁለተኛው ኩርባ ላይም እንዲሁ። በየኩርባው ትንፋሹን እንደሚይዝና በአፍንጫው እንደሚለቀው ያስተዋለው ዘግይቶ ነው። ፉርኖ ጭቃ እየረጨበት ደርቦት አለፈ። መውጣት ይችል ነበር። ሆኖም ትከሻው እንደ ጋለ ብረት እየነደደ፣ እስከ መጨረሻው ታገለው። ሲወርድ ግራ እጁ ሄልሜቱን ለማውለቅ እንኳ አልነሳ አለው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቤት ገባ። ሽማግሌው በረንዳው ላይ በትራሳቸው ተደግፈው ከትንሿ ጋር ይጫወታሉ። ሚስቱ ዩኒፎርሙን አስረክባ፣ የተረፈውን ጨርቅ እያጣጠፈች ነበር።

«ስንተኛ ወጣህ?»

«ከኋላ ሁለተኛ።»

«ከኋላህ ማን ነበር?»

«ሞተሩ የጠፋበት ሰው።»

ሳቋን ልትይዘው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሽማግሌውም ከበረንዳ ከት ከት አሉ። እሱ ግን አልሳቀም። ራሱ በበየዳት ወንበር ላይ ቁጭ አለ፤ ሲደገፍ ፊቱ ተጨማደደ።

«ልተወው እንዴ?» አላት። «ሜዳውን።»

«እኔ ተወው አልኩህ? መኪናው ይስባል ነው ያልኩህ።»

ጨርቁን ማጣጠፍ ቀጠለች። አሁን ዝምታዋን ሳይሸሽ ተቀምጦ ሰማው።

«ትከሻህን ነው?» አለችው በመጨረሻ።

«ትከሻዬን ነው። ግራውን።»

ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ የቅባቷን ቆርቆሮ አወጣች። ክዳኑ ላይ የጣቷ ምልክት አለ፤ ውስጡ ሊያልቅ ተቃርቧል። ዘረጋችለት። በቀኝ እጁ ከፍቶ ሊቀባ ሞከረ፣ አልደረስ አለው። ትንሽ አየችውና ተቀበለችው።

«ወንበሯ ጥሩ ናት» አለች፣ ቅባቱን በመዳፏ እያሟሸች። «በሽታውን ብቻ ነው የሳትከው። በል ዙርልኝ።»

«ወደ የት?»

«ወደ ግራ ነዋ፤ ሌላ ታውቃለህ እንዴ?»