ከቀዩ ቅብ በታች

ዳግዱ ዱማል ሴትዮዋን መጠርጠር የጀመረው ጆሮዋን በአምላኩ ደረት ላይ ለጥፋ ባየ ጊዜ ነው።

ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። የሱካልጋድ አምባ ከግርጌው እስከ አናቱ ቢጫ አበባ ለብሷል፤ ጥቁሩ የግንብ ድንጋይ ወራት የጠጣውን ዝናብ እንደ ላብ ያንጠፈጥፋል። ሴትዮዋ ኬታኪ ትባላለች። በየእሑዱ ከፑኔ ከተማ እየመጡ የአምባውን እሾህ ከሚመነጥሩትና የተናደውን ካብ መልሰው ከሚክቡት በጎ ፈቃደኞች ጋር የመጣች ወጣት የሕንፃ ባለሙያ ናት። ባልንጀሮቿ እየዘፈኑ ወደ ላይኛው የውኃ ጉድጓድ ሲወጡ እሷ ብቻ ከዋናው በር ቀረች። በሩ ከሁለት ክብ ማማዎች መካከል የተሸሸገ ስለሆነ፣ ሰው ደጃፉ ላይ እስኪደርስ ድረስ በር መኖሩን አያውቅም። ዳግዱ የበጎ ፈቃደኞቹን ምሳ በራሱ ላይ ተሸክሞ ከመታጠፊያው ሲደርስ፣ በበሩ ጥግ የሚመለከውን ቀይ ድንጋይ በጣቷ አንጓ ቀስ ብላ ስታንኳኳ አገኛት። አንኳኳች፤ ጆሮዋን ለጠፈች፤ ዝቅ ብላ ደግማ አንኳኳች።

ዳግዱ ከማማው ጀርባ ተሸጎጠ፤ የገዛ ቤቱን ሊሰርቅ እንደ መጣ ሌባ።

ያ ድንጋይ የዱማሎች ነው። ቁመቱ እስከ ሰው ደረት ይደርሳል። በየዓመቱ በዳሳራ በዓል ዋዜማ አንድ ዱማል ሸንዱር የሚባለውን ብርቱካናማ ቀይ ዱቄት በሰሊጥ ዘይት ለውሶ በጣቱ ጫፍ ስስ አድርጎ ይቀባዋል። ቅብ በቅብ ላይ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ ድንጋዩ ትከሻ አወጣ፤ ሆድ አወጣ፤ ሁለት የብር ዓይኖችም ተተከሉለት። ከቅቡ በታች፣ ይላሉ ዱማሎች፣ አምባው በጠላት በተከበበ ጊዜ ሰይፉን እንደ ጨበጠ በበሩ ላይ የወደቀው የበረኛው አያታቸው ምስል ተቀርጿል። ስለዚህም በዳሳራ ቀን የሴት አምላኳን ምስል የተሸከመው ቃሬዛ ከመንደር ወደ አምባው ሲወጣ ከድንጋዩ ፊት ይቆማል፤ የመጀመሪያዋ ኮኮናት የምትሰበረውም በዱማል እጅ ነው። ከሰማይ በታች ያለ ሀብት ሁሉ ከዳግዱ ቤት አልፎ ሄዷል፤ የቀረችው ይህች ክብር ናት።

በመንደሩ የዱማሎች ባላንጣ የሆኑት ሼላሮች ግን ሌላ ታሪክ ነበራቸው። አምባውን መድፍ አልሰበረውም፤ ከግንቡ ሥር ያለችውን የሌባ በር የምትባለውን ሽሽግ መውጫ ከውስጥ የከፈታት ሰው አለ፤ የመቀርቀሪያዋን ነገር ደግሞ ከበረኛው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የሼላሮች አውራ ሃይባቲ ይህን በግልጽ አይናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣

«እኔ እምለው ዳግዱ፣ አያትህ ጀግና ከሆነ ለምን ፊቱን በቀለም ደፈናችሁት? ጀግና ፊቱን ያሳያል። ፊቱን የሚሸፍን ሌባ ነው!» ብሎ ነበር።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዳግዱም አብሮ ሳቀ፤ ሻዩን ሳይጨርስ ግን ተነሥቶ ወጣ። አባቱ ስለዚያ ድንጋይ ሲናገር የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀባ እንጂ አትፋቅ።» በልጅነቱ የጸሎት ቃል ይመስለው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የፍርሃት ቃል እየመሰለው መጣ።

ማታ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ለሚስቱ ነገራት።

«ሳኩ፣ አምባው ላይ የተቀበረ ሀብት ፈላጊዎች ገብተዋል። ከጎተራው ፍርስራሽ ጀርባ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ አጠገቡም የተቆረጠ ሎሚ አይቻለሁ። እነዚያ ሰዎች ለመናፍስቱ ሎሚ ሳይቆርጡ እንደማይቆፍሩ ታውቂያለሽ።»

ሳኩባይ የማሽላ ቂጣውን በመዳፎቿ እያጠፈጠፈች ሳቀች። «የሱማን አባት፣» አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ፣ «ሎሚው የኔ ነው።»

«ምን?»

«ባለፈው እሑድ ለፑኔ ልጆች ሎሚ ውኃ ስሸጥ የጣልኩት ልጣጭ ነዋ። ጉድጓዱንም የማሰው ጃርት ነው፤ እሾኹ እዚያው ወድቆ አላዩም? እንግዲህ ጃርቱን ይክሰሱታ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው።»

«ሴትዮዋስ? ድንጋዩን ስታዳምጥ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«ታዳምጥ። እኔ ከተዳርኩ ጀምሮ ሳዳምጠው ኖሬ አንድ ቀን መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።»

ጃርቱ ጉድጓዱን አስረዳ፤ ሴትዮዋን ግን አላስረዳም። በማግስቱ ዳግዱ ብቻውን ወጥቶ ድንጋዩን እሷ እንዳንኳኳችው አንኳኳ። ትከሻው ላይ ድምፁ ድፍን ነው። ሆዱ ላይ ግን እንደ ባዶ እንስራ መለሰለት። ከአንገቱ ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች፤ ከክረምት በፊት አልነበረችም። ያስፈራው ስንጥቋ ብቻ አልነበረችም፤ በዚያች ስንጥቅ ውስጥ አጮልቆ ለማየት ዓይኑ መቸኮሉ ነበር። ሰው ሌላውን ሲጠረጥር ደጅ ደጁን ያያል፤ የገዛ ዘሩን የጠረጠረ ግን ወዴት ይመለከታል? ዞር ብሎ ወረደ።

ኬታኪ በሚቀጥለው ሳምንትም መጣች፤ በዚህ ጊዜ ብቻዋን፤ እስከ በዓሉም ልትሰነብት። ዳግዱ እንግዳ ተቀባይ ነውና በረንዳው ላይ አስቀምጦ ከሽምብራ ዱቄት የተሠራውን ትኩስ ፒትላና ከነጭ ሽንኩርት ጋር የተወቀጠ ቃሪያ አቀረበላት። እየመገባት ይሰልላት ነበር።

«አጎቴ፣» አለች ቂጣዋን እየቆረሰች፣ «ያ ቅብ ተነሥቶ ያውቃል?»

«አምላክ ልብሱን የሚያወልቀው ለማን ብሎ ነው?»

«እንዲያው ዘንድሮ ዝናቡ ከባድ ስለነበር ነው። ውኃ በጀርባው ገብቶ ከሆነ . . .»

«ዝናቡን ለእኛ ተይልን፣ እህቴ። አንቺ ቂጣ ድገሚ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ደገመች። የማታለል ፊት አልነበራትም። ዳግዱን ይበልጥ ያስጠረጠረውም ይኸው ነው፤ ደህና አታላይ የአታላይ ፊት ይዞ አይዞርማ።

ጥርጣሬው አጥንት ያበቀለው ግን አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ከሃይባቲ ሼላር ጋር ቆማ ስታወራ ባያት ዕለት ነው። ሃይባቲ ጢሙን እያሻሸ ወደ አምባው በበትሩ ይጠቁማል፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ በመጨረሻም ሁለቱም ሳቁ። ዳግዱ የሳቃቸውን ምክንያት ከርቀት ሊሰማ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ራሱ ሠራላቸው። ሼላር ነው ያመጣት! የተማረች ሴት ከከተማ አስመጥቶ፣ ቅቡን በሳይንስ ስም አስፍቆ፣ በዳሳራ ቀን በሕዝብ ፊት ሊያዋርደው ነው። ሁሉም ነገር ልክ እንደ በሩ ድንጋዮች እርስ በርሱ ገጠመለት፤ በመካከሉ መርፌ የምታስገባ ክፍተት አልቀረችም።

መላም መታ። አዲስ የተቀባን አምላክ የሚነካ ሰው የለም። ዘንድሮ እንደ ወጉ በጣት ጫፍ ሳይሆን ወፍራም አድርጎ ይቀባዋል፤ ዘይቱንም አሙቆ ስንጥቋ ውስጥ ያፈሳል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ሁሉንም ይደፍነዋል።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የተለወሰውን ቀለም በማሰሮ፣ የሞቀውን ዘይት በቅል ይዞ በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። ከበሩ ሲደርስ ኬታኪ ድንጋዩ አጠገብ ተንበርክካ ነበር።

«ያዝኩሽ!» አለ ዳግዱ። «ሼላር ስንት ሰጠሽ?»

ልጅቷ ደንግጣ ተነሣች። «የቱ ሼላር? ያ ባለ ጢሙ ሰውዬ? ስለ ሌባ በር ጠይቄው ነው እኮ። በልጅነቱ ገብቶ ሱሪው ተቀዶ እንደ ቀረ ነው የነገረኝ።»

«ድንጋዬንስ ለምን ታንኳኪዋለሽ? ሐኪም ነሽ?»

«ቅርፊቱ ከድንጋዩ ለቋል፣ አጎቴ። ሰው እየሰማ እንዳልነግርዎት ፈራሁ፤ ብቻዎን ላገኝዎት ስል ደግሞ እርስዎ ይሸሹኛል። እባክዎ ዛሬ አይቀቡት። ዘይቱ ከገባበት . . .»

ነገሩ እውነት ይመስል ነበር፤ እውነት ስለ መሰለም ዳግዱ አላመናትም። በክንዱ ገፋ አደረጋትና ትኩሱን ዘይት ስንጥቋ ውስጥ አንቆረቆረው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከድንጋዩ ውስጥ የሰው ማቃሰት የመሰለ ድምፅ ወጣ። ቀዩ ደረት፣ ቀዩ ሆድ፣ ሁለቱ የብር ዓይኖች በአንድነት ዝቅ አሉ፤ እንደ ደከመው ሰው ዘንበል ብለው መሬቱ ላይ ወደቁና ተከሰከሱ። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ።

ዳግዱ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ያየው ነገር ከፈራው ሁሉ የከፋ ነበር። ሰይፍ የጨበጠ ጀግና የለም። ውርደቱ የተጻፈበት ከዳተኛም የለም። ቅርጽ የለም፤ የመሮ ጭረት እንኳ የለም። ከተራራው የተፈነቀለ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ዓይነ ስውር ድንጋይ ነው።

ያን ጊዜ የአባቱ ቃል ገባው። አባቱም አንድ ቀን በስንጥቅ አጮልቆ ይሆናል፤ የአባቱም አባት እንደዚሁ። እያንዳንዱ ዱማል ጠርጥሮ፣ እያንዳንዱ ፈርቶ፣ እያንዳንዱ ሌላ ቅብ ጨምሮ ለልጁ አስረክቧል። በዚያ ቅርፊት ውስጥ እምነት ይብዛ ጥርጣሬ ማን ያውቃል?

«ታውቂ ነበር?» አለ።

«ጠርጥሬ ነበር።»

ከታች ከደረጃው መታጠፊያ የሃይባቲ ሼላር ሳልና የበትሩ ኳኳታ ተሰማ፤ የበዓሉን ሰንደቅ ሊሰቅል እየወጣ ነው። ዳግዱ እንደ ተተከለ ቀረ። የተንቀሳቀሰችው ኬታኪ ናት። ያንገት ልብሷን አንጥፋ ስብርባሪውን ሰበሰበችና የቀለሙን ማሰሮ አነሣች፤ በሁለት እጇም ዘረጋችለት። ዳግዱ ነቃ። በጣት አይደለም፤ በእፍኙ እየዛቀ ባዶውን ድንጋይ ከላይ እስከ ታች ቀባው፤ የብር ዓይኖቹንም በእርጥቡ ቀለም ላይ ለጠፋቸው። ሃይባቲ ሲደርስ ዳግዱ እስከ ክርኑ ድረስ ቀልቶ ነበር።

«ራም ራም፣ ዳግዱ!» ብሎ ሰላምታ ሰጠው። «ምነው በግ ያረድክ መሰልክ?» ሃይባቲ ጨርቁ ላይ ያለውን ስብርባሪ አየ፤ ሳቁም ከፊቱ ጠፋ። «ቅርፊቱ ወረደ?»

«ወረደ።»

«ታዲያ ውስጡ ምን አለ? አየኸው?»

ዳግዱ ጀርባውን ሰጥቶ መቀባቱን ቀጠለ። ሃይባቲ ወደ ልጅቷ ዞረ፤ ዓይኑ እንደ ጭልፊት ጠብቦ ነበር።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አትዋሺኝም። ከሥሩ ምን አለ?»

ኬታኪ እጆቿን በልብሷ ጠረገች። «እኔ ስደርስ አጎቴ ቀብተውት ጨርሰዋል። አላየሁም።»

ሃይባቲ አንዱን ከሌላው እያፈራረቀ ተመለከታቸው። ከጥፍሮቿ ሥር የገባውን ቀይ ቀለም አይቶት እንደ ሆነ አይታወቅም። በመጨረሻ በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጫማውን አወለቀና ለአዲሱ ቀይ ድንጋይ እጆቹን አጋጥሞ ጎንበስ አለ። «ልብሱን ቀየረ ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ያባቴ አባትም በዘመናቸው እንዲህ ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

በማግስቱ ቃሬዛው በከበሮ ታጅቦ ወጣ። ከድንጋዩ ፊት ቆመ፤ ዳግዱ ኮኮናቷን በአንድ ምት ሰበራት፤ ውኃዋ ቀዩ እግር ሥር ፈሰሰ። ሰው ሁሉ እንደ ዳሳራ ወግ አፕታ የተባለውን ዛፍ ቅጠል በወርቅ ምሳሌ እየተቀያየረ «ወርቅ እንካ፣ እንደ ወርቅ ኑር» ይባባል ጀመር። ዳግዱ አንዲት ቅጠል ይዞ ወደ ኬታኪ ሄደ።

«ለምን ዋሸሽልኝ?» አለ በሹክሹክታ።

«የመጣሁት በሩን ልለካ ነው፣ አጎቴ።»

«ይህ መልስ ነው?»

«ሌላ መልስ የለኝም።» ቅጠሉን ተቀብላ ግንባሯን አስነካችውና ከሰው መካከል ገባች።

ዳግዱ ስብርባሪውን እንደ ወጉ ለወንዙ ሰጠው። ምስጢሩን የያዘችውን ልጅ ግን ወንዝ አይወስዳትም። በየዓመቱ በዳሳራ ትመጣለች፤ ለድንጋዩ ትሰግዳለች፤ የሳኩባይን ቂጣ አወድሳ ትመለሳለች። ከአፏ ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም፤ ለውለታዋም የጠየቀችው ነገር የለም። ዳግዱ ከሁሉ አብልጦ የመጀመሪያውን የኮኮናት ቁራሽ ለእሷ ይሰጣታል፤ ስታኝክም ከንፈሯን ይጠብቃል። ሃይባቲ አጠገቧ ከቆመ ሄዶ በመካከላቸው ይገባል።

ሕዝቡ ተበትኖ አምባው ጭር ሲል ደግሞ ወደ በሩ ይመለሳል፤ ግራ ቀኙን አይቶም ድንጋዩን በጣቱ አንጓ ያንኳኳዋል። ድምፁ ከላይ እስከ ታች ድፍን ነው። እንዲያም ሆኖ ጆሮውን ከቅቡ ላይ ለማንሣት ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል።