ያልተማሰለ ፓስታ

ሽንኩርቱ መክተፊያው ላይ እንደ ጡብ ተደርድሯል። ግንበኛው ቢላውን አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተው፤ ከመስመር የወጣች አንዲት ቁራጭ ስላየ በጣቱ ገፋ አድርጎ መለሳት። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲያቆም የኖረ ሰው ነው። ያለ አዛዥ ሽንኩርት ሲከትፍ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዓይኑ እያነባ፣ አፍንጫውን በክንዱ እየጠረገ፣ እንባው እንዳይታይበት ጀርባውን ለሳሎኑ ሰጥቶ ቆሟል።

ሳሎኑ ውስጥ ሚስቱ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ከጣቶቿ ሥር እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሯል። ከሆስፒታል የተመለሱ ዕለት ግንበኛው ጀሶውን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ፣ «ልስኑስ ደህና ነው፤ ጠርዙ ላይ ነው የቸኮሉት» ሲላት ሆዷን ይዛ ስቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳቅ ከቤቱ ራቀ። ወጥ ቤቱ ነው ያራቀው። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዛለች፤ እሱ ይታዘዛል። «እሳቱን ቀንስ! ኧረ ጨውስ? ክዳኑን፣ ክዳኑን!» ሰኞ ታገሠ፤ ማክሰኞም ታገሠ። ረቡዕ ዕለት እንቁላሉ መጥበሻው ላይ ሲያር ትዕግሥቱ አብሮ አረረና፣ «እጅሽ ተሰበረ እንጂ አፍሽ መቼ ተሰበረ!» አላት።

ሚስቱ ተነሥታ መኝታ ቤት ገባችና ለታላቅ እህቷ ደወለች። ግንበኛው በግድግዳው በኩል የሰማው ይህን ብቻ ነው፤ «እትዬ፣ ጀሶው እስኪፈታ አንቺ ጋ ልሁን። ቅዳሜ ነይና ውሰጂኝ።»

ጀሶው የሚፈታው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ግንበኛው ሁለት ወር ሙሉ ብቻውን የሚበራውን የሳሎን አምፖል አሰበና ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ይቅርታ ሊጠይቃት አፉን ቢከፍት፣ ይቅርታው አልወጣ አለውና በምትኩ ሌላ ነገር ወጣ።

«ቅዳሜ እህትሽ ሊወስዱሽ ሲመጡ ምሳ የምሠራው እኔ ነኝ። ብቻዬን። ቀምሳችሁ ካልሆነላችሁ ሻንጣሽን ራሴ ተሸክሜ አደርስሻለሁ። አንቺ ግን ወጥ ቤት ዝር እንዳትዪ፤ አንድ ቃልም እንዳትተነፍሺ።»

«አልተነፍስም» አለች።

እውነትም አልተነፈሰችም። ሐሙስና ዓርብ በቤቱ ውስጥ የተሰማው የማንኪያና የሳህን ድምፅ ብቻ ነበር።

እነሆ ቅዳሜ ደረሰ። ግንበኛው ማልዶ ሱፐርማርኬት ሄዶ የሚያስፈልገውን ሸምቷል። የሱፐርማርኬት ርካሽ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው ከጉልበት በታች ነው፤ ግንበኛ ደግሞ መጎንበስ አይፈራም። ስሙን ማንም የማያውቀው ረጅም ፓስታ፣ ጎኑ በመጨርመቱ ቅናሽ የተደረገበት የቆርቆሮ ቲማቲም፣ መለስለስ የጀመረ ካሮት፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት። አይብ የተደረደረበት ማቀዝቀዣ ፊት ጥቂት ቆመና፣ እንደማያውቀው ሰው በዓይኑ ተሳልሞት አለፈ።

አሁን ዘይቱ ጋለ። ሽንኩርቱን ጨመረ። ስጎ እንዴት እንደሚሠራ የነገረው ሰው ስላልነበረ የሚያውቀውን ልኬት ያዘ፤ አንድ እጅ ሽንኩርት፣ ሁለት እጅ ካሮት፣ ሦስት እጅ ቲማቲም። አርማታ የሚቦካው እንዲህ ነው። ሕንፃ ካቆመ ምሳ ያቆማል።

ካሮቱን መፋቅ ላይ እንዳለ ከሳሎን ሳል ተሰማ። አጠር ያለች፣ ደረቅ ሳል። ዞር ሲል ሽንኩርቱ ጠርዝ ጠርዙ መጥቆር ጀምሯል። እሳቱን ቀነሰ። ሳሉ ቆመ።

ጥቂት ቆይቶ ነጭ ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ሊጨምር እጁን ሲያነሣ ሌላ ሳል መጣ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ልጣጩን አየውና መላጥ ጀመረ። የወጥ ቤቱ በር ወለል ብሎ ስለተከፈተ፣ ከጀርባው አልፎ የሚሠራው ሁሉ ከሶፋው ላይ እንደሚታያት አላሰበም። ብርድ መትቷታል፣ ሻል እንኳ አልደረበችም፣ እያለ ያዝን ነበር።

ቲማቲሙ ሲገባበት ስጎው ተንቸከቸከ፤ ቤቱን ደስ የሚል ሽታ ሞላው። ግንበኛው ቀመሰና ሳያስበው ራሱን ነቀነቀ። በጨው አስተካከለው፤ ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰበት። ከዚያ የፓስታውን ድስት ጣደ። ውሃውን አላበዛም፤ ውሃ የበዛበት አርማታ እንደማይጠነክር ሕፃንም ያውቃል። ፓስታውን ለሁለት ሰብሮ አስተኛው፣ ከደነውና እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ። የፈሰሰ አርማታ እስኪይዝ አይነካም።

ከሳሎን ሳል መጣ። ደግሞ መጣ። ከዚያ ተከታተለ፤ ትንፋሽ የሚያሳጣ፣ ሶፋውን የሚያንቀጠቅጥ ሳል ሆነ። ግንበኛው ደንግጦ በብርጭቆ ውሃ ይዞ ሮጠ።

በግራ እጇ ተቀበለችው፤ ግን አልጠጣችም። ፊቱን አየች፤ አሻግራ ድስቱን አየች፤ አገጯን ወደ ድስቱ ቀሰረች።

«ምነው? መስኮት ልክፈትልሽ?»

ዓይኖቿን ጨፈነች።

ግንበኛው ግራ ተጋብቶ ወደ ወጥ ቤት ሲመለስ ደፉ ላይ ቆመ። ሽንኩርቱ ሲያር ሳለች። ነጭ ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ሲያነሣ ሳለች። ለመሄድ የቆረጠች ሴት ሽንኩርቱ ቢያር ምን ገዷት? ምግቡ ቢበላሽ ሻንጣዋን አንሥታ መሄድ ነው እንጂ፣ ምን ያስላታል? ፊቱ ሞቀው። ዞር ብሎ ሊያያት ፈለገና አፈረ፤ ይልቅ ወደ ድስቱ ተጣደፈ። ክዳኑን ቢያነሣ ውሃው አልቋል። ፓስታው እርስ በርሱ ተቃቅፎ፣ ከታች ድስቱን ነክሶ ይዞ፣ አንድ ሆኗል። በማንኪያ ቢገፋው ድስቱ አብሮ ተንሸራተተ።

የበሩ ደወል ጮኸ።

ታላቅ እህትየው ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ ስለነበሩ፣ እስካሁን የሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት የምድጃውን ንጽሕና ነው። እህታቸውን ሳሙ፤ ጀሶውን ዳሰሱ፤ ግንበኛውን ከራስ ጸጉሩ እስከ ሽርጡ አዩት።

«አንተ ነህ አሉ የዛሬው ሼፍ?»

«እንግዲህ እንደሚሆን ሆኗል፣ እትዬ።»

ሌላ መንገድ ስላልነበረው ድስቱን ሳህን ላይ ገለበጠው። ፓስታው የድስቱን ቅርጽ እንደያዘ ዱብ አለና ቆመ። ቆሞም ቀረ። አልተንቀጠቀጠም። ስጎውን ከላይ ሲያፈስበት በጎኑ ቀስ ብሎ ወረደ።

እህትየው መነጽራቸውን አደረጉ። ሳህኑን በሁሉም በኩል አዙረው አዩት።

«መሠረቱ ጥሩ ነው» አሉ። «በሹካ ነው የምንበላው፣ ወይስ በመዶሻ?»

ግንበኛው ቢላ አምጥቶ እንደ ኬክ ቆረሰው። ለሚስቱ በግራ እጇ እንዲመቻት አድርጎ አደቀቀላት። እህትየው አንድ ጊዜ ጎረሱ፤ ቀስ ብለው አላመጡ፤ ደግመው ጎረሱ። ግንበኛው ሹካውን እንደያዘ አፋቸውን ይመለከታል። የሕንፃ ተቆጣጣሪ መጥቶ ግድግዳውን ሲያንኳኳ እንኳ ልቡ እንዲህ መትቶ አያውቅም።

«ስጎው ማለፊያ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሽንኩርቱን ማን አሳየህ? ልክ ሊያር ሲል ነው እሳቱን የቀነስከው።»

ሚስቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ምነው፣ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?» አሉ እህትየው።

«የለም፣ እትዬ» አለ ግንበኛው ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ። «ሽንኩርት ሊያር ሲል ነው የሚነሣባት።»

ሚስቱ ከንፈሯን ነከሰች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁን ልትይዘው ሞከረች፤ በአፍንጫዋ አመለጣትና ሹካዋ ወደቀ። እህትየው አንዱን አዩ፣ ሌላዋን አዩ፤ ምን እንደተፈጠረ ባይገባቸውም ማወቅ የሚገባቸውን ያወቁ ይመስላሉ።

«እንግዲህ ሻንጣሽን ላንሣ?» አሉ ቀስ ብለው።

ሚስቱ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። የሦስት ቀን ዝምታዋን የሰበረችው ግን ወደ እህቷ ሳይሆን ወደ ባሏ ዞራ ነው።

«ነገ ውሃውን ስትጥድ በርጩማው ላይ እቀመጣለሁ።»

«ተቀመጪ» አለ።

«አፌንም ይዤ ነው የምመጣው።»

«ይዘሽው ነይ።» ሹካውን አስቀመጠና፣ «የረቡዑን ተይልኝ» አላት። ይህችን ለማለት ሦስት ቀን ፈጅቶበታል።

«ስሳልስ ለምን አትሰማም? ልሞትልህ ምንም አልቀረኝ!»

«ውሃ አመጣሁልሽ አይደል!»

እህትየው ሳህናቸውን ባዶ አድርገው ሹካቸውን ሳህኑ ላይ አስተካክለው አስቀመጡ። የወረቀት ማበሻቸውን አጠፉ፤ ያጠፉትን ደግመው አጠፉት።

«አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሬልሽ ነበር» አሉ። «ግድ የለም። ብርሃኑ ለእኔም ይሆነኛል።»

አመሻሽ ላይ ግንበኛው አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኛቸው። ከምሳው የተረፈውን አሙቆ ክዳን ባለው ዕቃ ቋጥሮላቸው በቦርሳቸው ይዘዋል፤ ሲሰጣቸው ተግደርድረው ነበር፤ ግን አልመለሱትም። ዝናብ ያረጠበው አስፋልት ላይ የሱቆች መብራት ተኝቷል። ግንበኛው ደስታው እንዳይታይበት መሬት መሬት እያየ ይራመዳል። ወሬ አይሆንለትም፤ ከእሳቸው ጋር ደግሞ ይብስበታል።

«ለመሆኑ ስንት ጊዜ አማሰልከው?» አሉት ማቆሚያው ሥር ሲቆሙ።

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ፓስታውን ነዋ!»

«አንድም ጊዜ።»

«አንድም ጊዜ!» አንገታቸውን ነቀነቁ። «ፓስታ እኮ እንደ ሕፃን ልጅ ነው። ፊትህን ካዞርክበት አንድ ነገር ያጠፋል። ውሃም አልሰጠኸውም፤ የሚዋኝበት ይፈልጋል።»

«እኔ እንዳይቀጥን ብዬ ነው።»

ሊስቁ ነበር፤ ግን ተዉት። ቦርሳቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ። በቦርሳው በኩል የዕቃው ሙቀት ሳይሰማቸው አልቀረም፤ እጃቸውን እዚያው አሳረፉ።

«እኔ ቤት ፓስታ ቀቅዬ አላውቅም፣ ከስንት ጊዜ» አሉ ወደ መንገዱ እያዩ። «ለአንድ ሰው ልኩ አይገኝም። ምንም ብታሳንሰው ይበዛል።»

ግንበኛው ቀና ብሎ አያቸው። እንደ ወትሮው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የካፖርታቸው ቁልፎች በሙሉ ተቆልፈዋል። እኚህ ሴትዮ ሚስቱን ሊወስዱበት ሳይሆን ሰው ፍለጋ መጥተው እንደነበር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልታየውም ነበር። እጁን ኪሱ ከተተ፤ አወጣው።

«እትዬ… እሑድ እሑድ ለምን መጥተው አያሳዩኝም? ውሃ መጣዱን እንኳ።»

«እናንተ ቤት ድስት የታለና! ያ እኮ ድስት አይደለም፣ ኩባያ ነው።»

«እንገዛለን።»

«ምን ያስገዛል? እኔ ጋ አለ። ከሥራ ስሰናበት የሰጡኝ። አንድም ቀን አልተጣደም።»

አውቶቡሱ ከማዕዘኑ ታጥፎ መጣ። ፊታቸው ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። ሹፌሩ ጥቂት ጠበቃቸው፤ ዞር የሚልለት ቢያጣ በሩን ዘግቶ ሄደ።

«ትልቅ ነው?» አለ ግንበኛው።

ቦርሳቸውን አቀበሉት። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የድስቱን ስፋት አሳዩት፤ ከዚያ ያነሰ መሰላቸውና ጥቂት ጨመሩበት።