የኢፑያ ሰማያዊ ዓሣ

ዋቤት ከእቶኑ ያወጣችውን ሰማያዊ ዶቃ ልታቀዘቅዝ ደጃፍ ስትወጣ፣ አፈር ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አየች። አነሳችው። ሰማያዊ የዓሣ ጭራ ነው። ነጭ ድንጋይ ፈጭታ፣ ከአመድ ጋር አቡክታ፣ በገዛ እጇ በዓሣ መልክ ቀርጻ የተኮሰችው ክታብ ስባሪ ነበር፤ ልጇን ውኃ እንዳይወስዳት ሹሩባዋ ጫፍ ላይ ያሰረችላት።

የሰባት ዓመቷ ኢፑያ ደግሞ አሁን፣ ከአክስቷ ከታኻት ጋር ወንዝ ተሻግራ አያቷን ልትጠይቅ ወጥታለች። ዓባይ ሞልቷል። አምና ወንዙ ሲሞላ የጎረቤት ልጅ ተወስዶ የተገኘው ጫማው ብቻ ነው።

ዋቤት ዶቃውን በትና ሮጠች። ዳር ስትደርስ ታንኳዋ ርቃለች።

"ኢፑያ! ተመለሺ! ክታብሽ ተሰብሯል!"

ልጅቷ የእናቷን ድምፅ እንጂ ቃሉን አልሰማችም። ደስ ብሏት ብድግ አለችና እጇን አውለበለበች።

"ተቀመጪ! አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ!" ብሎ ቀዛፊው ፔንቱ ጮኸ።

ታንኳዋ ዘመም አለች። ኢፑያ ውኃው ውስጥ ወደቀች።

ከደለሉ ላይ ግንድ የመሰለ ነገር ተንሸራቶ ሰጠመ። አዞ ነው። ከዚያ ውኃው ጭጭ አለ። ዋቤትን ከአዞው ይልቅ ያ ዝምታ አራዳት።

ፔንቱ በሆዱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ትከሻው ሰደደ። ባዶውን መለሰው። እንደገና ሰደደ። ታኻት መቅዘፊያውን ነጥቃ ውኃውን ትደበድባለች፦ "ሂድ! ሂድ አንተ የተረገምክ!"

በሁለተኛው ልጅቷን በሹሩባዋ ጎትቶ አወጣት።

ዳር ሲመለሱ ፔንቱ ዋቤት ላይ ጮኸ። "አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ልጅቷን ልታስበያት ነበር እኮ!"

"እማ፣" አለች ኢፑያ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ "ለምንድን ነው የጠራሽኝ?"

ዋቤት አዘለቻት። ታኻት "አምጪ እኔ ልያዝልሽ፣ ልትወድቂ ነው" ብትላትም እስከ ቤት አላወረደቻትም።

በማግስቱ ታኻት የሆነውን ለአያትየው ልትነግር ብቻዋን ተሻገረች። ዋቤት እስከ ዳር ሸኘቻት። ታንኳዋ ማዶ እስክትደርስ ድምፅ እንዳይወጣት አፏን በሁለት እጇ ከድና ቆመች።