ያልተሸጠ ጫማ

ጋሽ ሀምዱ ሐይቅ ከተማ ገበያ ላይ ልባሽ ጫማ ይሸጣሉ። እኔ የአምባሰልን ዳገትና ቁልቁለት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ስሮጥ ድንጋዩ የውስጥ እግሬን ስለፈጀው፣ ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ጫማ መረጥኩ።

«ይሄ ትራስ ነው እንጂ ጫማ ነው?» አሉኝ።

«ዳገቷን ሮጬበት ልመለስና ልወስን።»

«ያልተሸጠ ጫማ ድንጋይ አይረግጥም!»

እንዴ! ሰው ያልሮጠበትን የሩጫ ጫማ እንዴት ይመርጣል? ሦስት ቅዳሜ ለመንኳቸው፤ እምቢ እንዳሉኝ ጦርነቱ ደረሰና ከተማው ሁሉ በእግሩ ሸሸ።

ስንመለስ ሱቃቸው ተዘርፎ ባዶ ነው። ያ ጫማ ግን ሶሉ አልቆ እግራቸው ላይ አለ።

«ወላሂ፣ ልክ ነበርክ! እስከ ኮምቦልቻ አንድ ጠጠር አልቆረቆረኝም» አሉና አውልቀው ሰጡኝ። «በል፣ አሁን ሞክረው።»