የአክተሩ ጓደኛ

ብራም ሃሎራን ማሪሶል ቬራን ገና በዓይኑ ሳያያት ነው የጠላት። ስሟን መስማቱ ብቻ በቃው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብራም በሦስት ፊልም «አሻጋሪው»ን ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ጭምብሉን አጥልቆ፣ ከሚነድ ፎቅና ከሚሰምጥ መርከብ ሰው ሲያሻግር የኖረ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ባለ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሁሉ ላይ እጁን አጣጥፎ ብቻውን ቆሞ ዓመታት ያስቆጠረ። ብቻውን! ይህችን ቃል እንዴት እንደሚወዳት!

ታዲያ ፊልሙ የተቀዳበት የሥዕል መጽሐፍ፣ የኮሚኩ አፍቃሪዎች አንድ የማይተዉት ጥያቄ ነበራቸው። በየበጋው ሳንዲዬጎ ላይ ጭምብል በጭምብል ሆነው ይሰበሰቡና «ፍንጣሪ መቼ ነው የምትመጣው?» ይሉታል። ፍንጣሪ በኮሚኩ ላይ የአሻጋሪው ረዳት ናት፤ አፏ የማያርፍ፣ እግሯ የማያርፍ። ብራም ማይክራፎኑን ጠጋ አድርጎ «አሻጋሪው ብቻውን ነው የሚሄደው» ይላል፤ አዳራሹም በጭብጨባ ይናጋል። አራተኛው ፊልም ሊጀመር ሲል ግን ይህንኑ ቢል ማን ያጨብጭብለት? «ኡኡ!» ብለው ጮኹበት። ብራም እየሳቀ ከመድረክ ወረደ፤ ሳቁ ግን የጥርስ ነበር።

ሦስቱንም ፊልም የሠራችው ዳይሬክተር ዊኒፍሬድ ታን፣ ባጭሩ ዊኒ፣ ናት። በርባንክ ያለው ቢሮዋ ድረስ ሄዶ ተከራከራት።

«ስማ ብራም» አለችው፣ «ሦስት ፊልም ሙሉ ጣራ ላይ ቆመህ ለጨረቃ ስታወራ ከረምክ። የምታወራው ሰው ያስፈልግሃል።»

«ጨረቃዋ ምን አጠፋች?»

«መልስ አትሰጥማ!»

«ጥሩነቷስ እሱ አይደል? ደሞ የአክተሩ ጓደኛ ሥራው ምንድነው? መሞት! አክተሩ እንዲናደድ ይሞታል፣ አለቀ። ለዚህ ብለሽ ምን ሰው ታስቸግሪያለሽ?»

«እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው» አለች ዊኒ ሳቋን እየታገለች። «ፍንጣሪ የምትሆነው ማሪሶል አጠገብ ስትቆም አያቷ እንዳትመስል ነው የምፈራው።»

ቀልድ ነው፤ በእነሱ ቤት ከዚህም የባሰ ይቀለዳል። ብራም ግን መኪናው ውስጥ ገብቶ የኋላ ማሳያ መስታወቱን ወደ ራሱ አዙሮ ዓይኑ ሥር ያለውን ሽብሽብ ሲቆጥር ቆየ።

ስቱዲዮው ዳር ዳር ሲል ሰንብቶ አንድ ነገር ላይ ደረሰ። ፍንጣሪ በፊልሙ መጨረሻ፣ ድልድዩ ላይ፣ በአንዲት ትዕይንት ብቻ ትታይ። አለቆቹ ዓርብ ዕለት ቁጭ ብለው ያዩታል። ከጣማቸው በሚቀጥሉት ፊልሞች ሁሉ ትገባለች፤ ካልጣማቸው ተቆርጣ ትጣላለች፣ አሻጋሪውም እንደ ወትሮው ብቻውን ይቀጥላል። ብራም ተስማማ። ለምን አይስማማ? በልቡ አስቀድሞ ቆርጦ ጥሏታል።

ማክሰኞ ጠዋት ሜካፕ ክፍል ሲገባ ማሪሶል ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የሱ ወንበር ላይ! ጭምብል የሚያጣብቀው ኦቲስ ጎንበስ ብሎ ግንባሯ ላይ ማጣበቂያ ይቀባል፣ ይስቃል። ኦቲስ! ለብራም ጭምብል ሲያጣብቅ ስቆ የማያውቀው ኦቲስ!

«ውይ፣ ሚስተር ሃሎራን!» ብላ ብድግ አለች። «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ! የመጀመሪያውን ፊልም ያየሁት ሰባተኛ ክፍል ሆኜ እኮ ነው! እናቴ ከእርስዎ ጋር እሠራለሁ ስላት አላመነችኝም።»

ሰባተኛ ክፍል። ኦቲስ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

እጇ ላይ ዶናት ይዛለች፣ ስኳሩ ከንፈሯ ላይ ቀርቷል። «ይቅመሱልኝ» አለችው። ብራም ዶናት ከቀመሰ ዘመን የለውም። ያ በየሰሌዳው የሚታየው ደረት ዝም ብሎ የመጣ አይደለማ፤ ቁርሱ የተቀቀለ ዶሮ፣ ምሳው የተቀቀለ ዶሮ፣ እራቱም ያው ነው። «ጠግቤያለሁ» አላት። እሷ ሁለተኛውን ዶናት ጨርሳ፣ የፍንጣሪን ልብስ ለብሳ፣ ዚፑን በአንድ እጇ ሽቅብ ሳበችው። ሲዘጋ እንኳ አላቃሰተም። የሱን ዚፕ ለመዝጋት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ብራም በቅናት ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ።

ወደ ቀረጻው ሲገቡ ደግሞ ሌላ ጉድ። ለካ የመብራት ሠራተኞቹን ሁሉ በስም ታውቃቸዋለች! አንዱ ወንበር ያቀርብላታል፣ ሌላው ብርድ እንዳይመታት ጃኬቱን ያለብሳታል። ብራም ከነዚህ ሰዎች ጋር ዓመታት ሠርቶ የአንዱንም ስም አልያዘም፤ እነሱ የሱን ካወቁ ይበቃል ብሎ ነው የኖረው። አሁን ግን ስም እየጠራች ስትስቅ ሲያይ የተሰረቀ መሰለው።

መጀመሪያ የተቀረጸው እሱ ነው። በዚህ ሥራ አንዱ ፊቱ ሲቀረጽ ሌላው ከካሜራው ጎን ቆሞ ንግግር ያቀብለዋል፣ ዓይኑን ያበድረዋል። ካሜራው አያየውም፣ ማንም አያመሰግነውም፤ የተጻፈ ሕግም አይደለም። ሳይቆም የቀረ ግን ይታማል። ብራም በሌላው ብዙ ይታማል፤ በዚህ አንድ ነገር ግን ታምቶ አያውቅም ነበር። ለአንድ ቀን ለመጣ ተዋናይ እንኳ ቆሞለታል።

ማሪሶልም ቆመችለት። ያውም እንዴት! ማንም የማያያትን እንባዋን ጭምር ሰጠችው። ብራም በሷ ዓይን ተደግፎ እንዲያ አምሮበት ሠርቶ አያውቅም። ራሱም ታወቀው፤ ይሄ ነው ያበገነው። ጥሩ የሆነው እሷ ስላለች መሆኑን ሲያስብ አንጀቱ እርር ድብን አለ።

«ካት! ግሩም ነው» አለች ዊኒ። «በሉ ካሜራውን ወደ ማሪሶል አዙሩት።»

«እኔ ጀርባዬን አሞኛል» አለ ብራም። «ትንሽ ልረፍ።»

ዊኒ አጠገቡ መጥታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ብራም፣ ተው። ይሄን አታድርግ።»

«ጀርባዬን አሞኛል እኮ ነው የምልሽ!»

ሄደ። በእሱ ፈንታ አንድ የብረት ዘንግ ተተከለ፤ ማሪሶል የምታየው እንዲኖራት ዓይኑ በሚሆንበት ቁመት ላይ ፕላስተር ለጠፉበት። ንግግሩን የምታነብላት ስክሪፕት የምትከታተለዋ ሴትዮ ናት፤ ድምጿ የባቡር መነሻ ሰዓት እንደሚያሳውቅ ነው። ብራም ይህን ሁሉ ያውቃል። ለዚያች ድምፅ ያለቀሰ ተዋናይ እስከዛሬ አላየም፤ ማረፊያ ካራቫኑ ውስጥ ጋደም ብሎ ጣራ ጣራውን እያየ ፈገግ አለ። «አሁን ይመጣሉ» አለ በልቡ። «አልሆነም፣ ና ቁምላት ብለው ያንኳኳሉ።» ሲያንኳኩ ምን ያህል እንደሚያስለምናቸው ሁሉ አሰበበት።

ብዙም ሳይቆይ ተንኳኳ። ኦቲስ ነው፤ ጭምብሉን ሊያነሳለት መጥቷል።

«ተጨርሷል። ዊኒ ወደ ቤቱ ይሂድ ብላለች።»

«ስንቴ ደገሙት?»

«አንዴ።»

«ተስፋ ቆርጠው ነዋ!» አለ ብራም፤ ደስታው አመለጠው።

ኦቲስ ቀና ብሎ አየው። ጭምብሉንም ከወትሮው ጠንከር አድርጎ ነቀለለት።

ዓርብ ደረሰ። ትንሿ የፊልም ማያ አዳራሽ ውስጥ አለቆቹ ፊት፣ ብራምና ዊኒ ኋላ ተቀመጡ። መብራት ጠፋ፤ የማሪሶል ፊት ስክሪኑን ሞላው።

ስክሪፕቱ ላይ ትዕይንቱ መሟዘዝ ነው፤ እሱ ወደ ቤትሽ ሂጂ ይላታል፣ እሷ አልሄድም እያለች ታበሽቀዋለች። የሴትዮዋን ድምፅ አውጥተውታል። የቀረው የልጅቷ ጥያቄና ከጥያቄው በኋላ ያለው ዝምታ ብቻ ነው።

«አልሄድም። አንተ ስትሄድ ማን ያሻግራቸዋል?» አለች። ጠበቀች። ዓይኗ የሆነ ሰው ፈለገ፣ አጣ። «መልስ አትሰጠኝም?» አለች፤ ይህቺ መቀለጃዋ ነበረች። አሁን ግን ድምጿ መሐሉ ላይ ተሰበረ። «እሺ። እኔው አሻግራቸዋለሁ።»

 ዋናው አለቃ አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ።

«አሻጋሪው ሞቷል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«እንደሱ ተብሎ አልተጻፈም» አለች ዊኒ።

«እኔ ያየሁት ግን እንደዛ ነው። የብራም ፊትስ የታለ?»

«አለን። ስናስገባው ትዕይንቱ ይበላሻል።» ይህን ስትል ወደ ብራም አልዞረችም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄኔ ነው! አለቆቹ ከወንበራቸው ሳይነሱ ጨረሱት። አሻጋሪው በዚሁ ፊልም ይሙት፤ ድልድዩ ላይ የምትናገረው ለሌለ ሰው ይሁን፤ ጭምብሉን ፍንጣሪ ትውረስ።

ብራም ኮሪደሩ ላይ ዊኒን ክንዷን ያዛት። «እንደገና እንቅረጸው! እቆምላታለሁ፣ ቀኑን ሙሉ እቆማለሁ።»

«ብትቆምማ ይሄ አይገኝም ነበር።»

«አክተር እኮ አይሞትም ዊኒ!»

«ለዚህ አይደል ሰው የሚያለቅሰው» አለችና ክንዷን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሞቱ ተቀረጸ። የተናደ ግድግዳ ሥር ተጋድሞ ሞተ፤ አሟሟቱም አልከፋም። ከዚያ ካሜራው ሬሳውን ወደምታገኘው ወደ ማሪሶል ዞረ። ብራም ማንም ሳይጠራው፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ ከካሜራው ጎን ሄዶ ቆመ። እውነቱን እንነጋገር ካልን ጸጸት ብቻ አልነበረም። ሰው ለዚያች ልጅ ሲያለቅስ፣ እሷ ያለቀሰችው ለብራም ነው እንዲባል ፈልጎ ነው። እዚያች ዓይን ውስጥ እሱም ድርሻ ይኑረው ብሎ ነው።

ማሪሶል አየችው። ቦታዋን ትታ መጣችና አጠገቡ ቆመች፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ሚስተር ሃሎራን፣ ያን ዕለት ለምን እንደሄዱ አውቃለሁ።»

«ጀርባዬን…»

«አውቃለሁ። አልተቀየምኩም፣ እውነቴን ነው። እዚያ ቆሜ የተናገርኩት ሁሉ ለእርስዎ ነበር። ሲሄዱ ብቻ ነው ደፍሬ ልናገረው የቻልኩት።»

 «ዛሬ ቆሜልሻለሁ» አላት ብራም። «የፈለግሽውን ያህል ድገሚው፣ አልሄድም።»

ማሪሶል መሬት መሬት አየች። ማፈሯ የውነት ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና…» አለችው፣ «እርስዎ ባይኖሩ ይሻለኛል።»