ወንድይፍራው የሚቆምበት ኩርባ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ኮልፌ ውስጥ በአንድ መሐላ ብቻ የሚያምን ሰው ስለሌለ ሁለት ጊዜ እምላለሁ፤ አንዴ ወላሂ፣ አንዴ እመብርሃንን። ከዚህ ወዲያ ያላመነ አጠና ተራ ወርዶ ሽኩርን ራሱን ይጠይቅ። ሽኩር አይመልስለትም፤ ግን ፊቱን አይቶ ያምናል።

ሽኩር አጠናና ቆርቆሮ ሻጭ ነው። ጎረቤቱ ወንድይፍራው ደግሞ የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ጎጃም ተወልዶ፣ በጎረምሳነቱ ኮልፌ ገብቶ፣ እዚሁ የሸበተ። ግቢያቸውን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ቆርቆሮውን የሸጠው ሽኩር ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝገት በታየ ቁጥር ወንድይፍራው በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ ያደርግና «አንተ፣ ይሄን ነገር ከቲማቲም ጣሳ ነው እንዴ የቀጠቀጥከው?» ይለዋል። እንግዲህ ፍቅራቸው እንዲህ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሽኩር የንጋቱን ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ ወንድይፍራው በር ላይ እግሩን እያፍታታ ይጠብቀዋል። ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ተነስተው ወደ አስኮ ዳገቱን ይሮጣሉ። ይሮጣሉ ሲባል፣ ወንድይፍራው ይሮጣል፤ ሽኩር ይከተላል። ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ባሕር ዛፉ ከአስፋልቱ የሚጠጋበት ኩርባ አለ። ወንድይፍራው እዚያ ደርሶ ይቆምና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ታች ይጮኻል።

«ሽኩር! አጠናውን አውርደህ ሩጥ እንጂ!»

ሽኩር ትንፋሽ ስለማይኖረው አይመልስም። መልሱ የሚመጣለት ሰኞ ነው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ወንድይፍራው ሸሚዙን እየተኮሰ ወደቀ። ልብ ነው አሉ። ያ ዳገቱን እንደ ሜዳ የሚወጣ ልብ! ሸሚዙ ላይ ካውያው ተትቶ የእጅጌው ጨርቅ ሲጨስ ነው ሚስቱ እሙ ከጓሮ የሮጠችው። ሽኩር ወሬውን አጠና ተራ ቆሞ ሰማ፤ ለደንበኛው የሚቆጥረውን አጠና እንደያዘ ቁጥሩ ጠፋበት፤ እንደገናም አልጀመረውም።

ሬሳውን ሲገንዙ ከእጁ ሰዓት አወለቁ። የሯጭ ሰዓት ነው፤ አሰልጥኖት የነበረ ልጅ ውጭ አገር ተወዳድሮ ሲመለስ ያመጣለት። ጥቁር፣ ወፍራም፣ መልክ የሚባል ነገር ያልዞረበት። ለእሙ ሰጧት። እሷም ምን እንደምታደርገው ስታጣ እጇ ላይ አሰረችውና ፍራሽ ላይ ተቀመጠች።

ያ ሰዓት ግን የተቀመጠ ሰው አይወድም። ድንኳኑ ጸጥ ባለ ቁጥር ጥርርር! ይላል። ለቀስተኛው ሁሉ ስልኩን ይዳብሳል። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ሲሆን ሀይፋ፣ የሽኩር ልጅ፣ ጎንበስ ብላ የእሙን እጅ አየችና ደነገጠች።

«ምንድነው የሚለው?» አለቻት እሙ።

«ምንም አይደል፣ እትዬ እሙ።»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«ተንቀሳቀሽ ነው የሚለው። ብዙ ተቀመጥሽ ነው የሚለው።»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዱባለ ከወንበሩ ተነሳ። «ሐዘንተኛን ተነሺ የሚል ሰዓት! ሥርዓት አያውቅም እንዴ ይሄ? የእድር አባል ቢሆን ዛሬውኑ ቀጥተን እናሰናብተው ነበር!» ሳቅ እንዳያመልጠው ነጠላውን አፉ ላይ ያልያዘ ሰው አልነበረም። እሙ ግን አልሰማችውም።

«እሱም እንዲሁ ነበር» አለች ሰዓቱን እያየች። «ቁጭ ካልኩ፣ ተነሺ።»

በሦስተኛው ቀን ፈታችውና ለሽኩር ዘረጋችለት። «ውሰደው። እኔ ከእንግዲህ ወደ የትም አልነሳም። አንተ ጋ ሆኖ ይሩጥ።»

ሽኩር ሰዓት አልነበረውም ማለት አይደለም። ነበረው፤ ያውም ሰው ሁሉ የሚመኘው ዓይነት ስማርት ሰዓት። ሀይፋ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ሥራ ስትጀምር በመጀመሪያ ደሞዟ የገዛችለት ነው። መስታወቱ እንደ ኩሬ ያንጸባርቃል። ስልክ ሲደወል እጁ ላይ ይጮኻል፤ ሽኩር በሁለት እጁ አጠና እንደታቀፈ ክንዱን ወደ አፉ አስጠግቶ «ሃሎ! ወፍራሙም ቀጭኑም አለ!» ሲል አጠና ተራ በሙሉ ሥራ አቁሞ ያየዋል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው፤ እንደ ጨቅላ ሕፃን ማታ ማታ ቻርጅ ካልጠባ አያድርም። የወንድይፍራው ሰዓት ግን ግመል ነው። አንዴ ጠጥቶ ሳምንታት ይጓዛል።

«አባ፣ የኔንስ የት አደረግከው?» አለችው ሀይፋ አዲሱን እጁ ላይ ስታይ።

«መሳቢያ ውስጥ። ደህና ነው።»

«ደህና ነው? እና ስደውልልህ በምን ልታነሳ ነው?»

«በስልክ። ሰው ድሮ በምን ነበር የሚያነሳው?»

ሀይፋ ቅር አላት። ቅር ያሰኛት ሰዓቱ ሳይሆን መሳቢያው ነው። የሆነ ሆኖ አባቷ ነውና አዲሱን ተቀብላ ከስልኩ ጋር ልታገናኘው ስትሞክር ቆየችና እጇን ሰበሰበች።

«ከሌላ ስልክ ጋር እንዲገናኝ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ሁሉ ላጥፋው ይላል። የጋሽ ወንድይፍራውን ሩጫ በሙሉ። የእሳቸው ስልክ ደግሞ ተቆልፏል፣ የመክፈቻ ቁጥሩን የሚያውቅ የለም።»

ሽኩር ከእጇ ነጠቃት። «እንዳትነኪው! ውስጡ አለ ማለት ነው?»

«ሩጫቸው አለ።»

«ያው ነው።»

የመጀመሪያውን ቀን ብቻውን ሮጦ ሲመለስ ሰዓቱ አንድ ነገር ጻፈበት። ሀይፋ አነበበችለት። ሰዓቱ እስካሁን ወንድይፍራው እጅ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ከወትሮህ በጣም ደክመሃል፣ ልብህ እንደ በፊቱ አይደለም፣ እረፍ ነው የሚለው።

«ወንድይፍራው ሞቷል በይው» አለ ሽኩር።

«አባ፣ ሰዓት እኮ ነው።»

«ንገሪው በቃ። ማወቅ አለበት።»

ልጅቷ ልታጽናናው ብላ ነው እንግዲህ ያን ነገር ያሳየችው። ሰዓቱ ከድሮ ሩጫ አንዱን መርጠህ ከእሱ ጋር መሽቀዳደም ያስችልሃል። መንገዱ እንደ ክር ይሳላል፤ ክሩ ላይ ሁለት ነጥብ ይሄዳል። ሰማያዊዋ አሁን የሚሮጠው፣ ቀይዋ ያኔ የሮጠው።

«ቀይዋ እሱ ነው?»

«እሳቸው ናቸው።»

በማግስቱ ሽኩር ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ተነሳ። ቀይዋ ነጥብ እንደ ልማዷ ጥላው ሄደች። ሽኩር እያለከለከ፣ እየተራገመ ተከተለ። ኩርባው ጋ ስትደርስ ግን ቀይዋ ቆመች። ሽኩር ባለበት ደርቆ ቀረ። ከዚያ እግሩን አንስቶ፣ ወጥቶ፣ ደረሰባት። ሁለቱ ነጥቦች አንድ ላይ ቆሙ።

«መጣሁ» አለው። «አጠናውን አውርጄ ነው የመጣሁት።»

አጠገቡ ሲያልፍ የነበረ የአስኮ ታክሲ ረዳት፣ አንድ ሽማግሌ እጁን ወደ አፉ አስጠግቶ ሲያወራ ቢያይ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር! እዚህ ጋ ኔትወርክ የለም!» ብሎት አለፈ። ሽኩር ግን ብዙ የሚነግረው ነበረው። የአጥሩን ዝገት ቀለም እንደቀባው ነገረው። ጋሽ ዱባለ ሰዓቱን ከእድር ሊያባርረው እንደነበር ነገረው። ከዚያ ቀይዋ ነጥብ ጉዞ ጀመረች፤ ወንድይፍራው የሚጠብቀው ሽኩር እስኪደርስ ብቻ ነበርና።

ያን ጊዜ እሙ ከቤት መውጣት አቁማ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ገበያ የለ፤ ጎረቤት ጠይቆ ጠይቆ ሰለቸ። በሯን ስትከፍት እንኳ የምትከፍተው ጣት እስኪገባ ብቻ ነው። ሽኩር አንድ ከሰዓት በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«እሙዬ፣ ኩርባው ላይ ይቆማል። አይቼዋለሁ።»

«ማን?»

«ወንድይፍራው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ?»

ነገሩን አስረዳት። ነጥቧን፣ ክሩን፣ አቋቋሙን። እሙ የታጠበ ድስት እንደያዘች ወደ አጥሩ ቀረበች።

«ቆሞ ይጠብቅህ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

«ለኔ ወሬውን ነግሮኝ አያውቅም» አለች። ከዚያ ድስቱን ደፋችው። «እስኪ የሙት ዓመቱ ሳይሆን ሰማንያ ቀኑ ይውጣና እኔንም ውሰደኝ። ሲቆም ልየው።»

ከሞተ ጀምሮ እሙ ልውጣ ያለችው ይሄኔ ብቻ ነው። ሽኩር ያን ቃል እንደ እንቁላል ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ቀኑ ሲደርስ እንዳያሳፍራት ብሎ ቅዳሜ ብቻ መሮጡን ትቶ በየቀኑ መሮጥ ጀመረ። ቀይዋ የምትቆምበትን ስንዝር ሳይቀር ለየ። ሮጦ ሲጨርስ ሰዓቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ አረንጓዴውን ይጫናል። አረንጓዴው «አስቀምጥ» ማለት እንደሆነ ሀይፋ አንዴ ነግራዋለች። ሽኩር ቃሉን ወደደው። አስቀምጥ ባለ ቁጥር እሱንም ወንድይፍራውንም አንድ ቦታ፣ ዝናብ የማያገኘው ቦታ፣ ያኖራቸው ይመስለው ነበር።

ሰማንያው ወጣ። ነገ እሙን ይዞ ሊሄድ፣ ራት ቀርቦ ሳለ ሰዓቱን ከፍቶ ቀይዋን ሲፈልግ አጣት። ወደ ታች ፈለገ፤ ወደ ላይ ፈለገ።

«ሀይፋ፣ ነይ እስኪ። ወንድይፍራው የታለ?»

ሀይፋ እጇን ጠርጋ ተቀበለችው። አየች። ደግማ አየች። ከዚያ ሰዓቱን ራቱ የቀረበበት ሰፍራ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«አባ፣ ይሄ ሰዓት ቦታው ትንሽ ነው። ከስልክ ጋር ቢሆን ወደ ስልኩ ይገለብጠው ነበር፤ ብቻውን ሲሆን ግን ሲሞላበት የቆየውን ይጥላል። ለአዲሱ ቦታ ለመስጠት።»

«አዲሱ ምንድነው?»

ሀይፋ ሰሃኑን ወደ አባቷ ገፋ አደረገች።

«አዲሱ ምንድነው ያልኩሽ፣ ሀይፋ?»

«ያንተ ነው፣ አባ። አስቀምጥ ባልክ ቁጥር የሳቸው አንዱ ይወድቃል። እኔም አላሰብኩትም። ማሰብ ነበረብኝ።»

ሽኩር እጁን ከምግቡ አነሳ። ሀይፋ «ለእትዬ እሙ እኔ ልንገራቸው?» ብትለው በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። እኔው ነኝ ያጠፋሁት፣ እኔው እነግራታለሁ ብሎ ነበር የተነሳው።

ጠዋት ሊነግራት ወጣ። እውነቱን ነው፣ ቃሉን አዘጋጅቶ ነው የወጣው። እሙን ግን ከበሯ ውጭ፣ መንገዱ ላይ ቆማ አገኛት። ጥቁር ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እግሯ ላይ ወንድይፍራው ገዝቶላት አንድም ቀን ያላደረገችው ነጭ ስኒከር። ማሰሪያውን ማሰር ስላልቻለችበት ሁለት ጊዜ ቋጥራዋለች።

«አረፈድክ» አለችው። «እሱ ቢሆን ስንት ነገር ይልህ ነበር።»

ሽኩር ያዘጋጀውን ቃል ትቶ ለእሷና ለሀይፋ ታክሲ አስቆመ።

እሙና ሀይፋ በታክሲ ቀድመው ኩርባው ላይ ወረዱ። ሽኩር ታች ማዞሪያው ጋ ብቻውን ቆሞ ሰዓቱን ከፈተ። ያለው የራሱ ሩጫ ብቻ ነው። ከነዚያ አንዱን መረጠ፤ በዚያም ቀን ኩርባው ላይ ቆሞ ሲያወራ ነበርና ነጥቧ እዚያ መቆሟ አይቀርም። ተነሳ። እንግዲህ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሩጫ የሮጠ ሰው ካለ ንገሩኝ፤ ያለፈው ሳምንት ሽኩር እንዲቀድመው የዛሬው ሽኩር እግሩን እየጎተተ፣ ትንፋሹን እየያዘ፣ አውቆ ተሸነፈ። ወንድይፍራው በሕይወቱ እንዲያ አላደከመውም።

ኩርባው ላይ ሲደርስ እሙ ሁለት እጇን ዘርግታ ክንዱን ያዘች።

«የትኛዋ ናት?»

«ቀይዋ። ይኸው ቆሟል።»

በጣቷ ጫፍ ነካቻት። ቀስ ከማለቷ የተነሳ መስታወቱን የነካችው አይመስልም።

«አንተስ የትኛዋ ነህ?»

ሽኩር ሰማያዊዋን አሳያት። ሁለቱም እሱ ነበሩ። ሀይፋ ፊቷን ወደ ባሕር ዛፉ አዞረች።

«ምን እያለህ ነው አሁን?» አለችው እሙ።

«አጠናውን አውርደህ ሩጥ እንጂ እያለኝ ነው።»

እሙ ሳቀች። ድንኳኑ ከተጣለ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የኔ ፈጠራ አንድ ነገር ብቻ ነው። ድንኳን ውስጥ ተነሺ ያለው ሰዓት እውነት ነው፤ ረዳቱም እውነት ነው፤ ከራሱ ጋር ሮጦ የተሸነፈው ሽኩርም እውነት ነው። የእሙ ሳቅ ግን የኔ ነው። አልሳቀችም። ነጥቧን ብዙ አየቻት፤ ቀጥላም የሽኩርን ፊት አየችና ክንዱን ቀስ ብላ ለቀቀችው። «ላብህን ጥረግ ሽኩር፣ ብርድ ይመታሃል» አለችው። ከዚያ ታክሲ እስኪመጣ ድረስ ሦስቱም ዳገቱን ወደ ታች እያዩ ቆሙ።