የሌለባት ቁስል

«አንዴ ከተከፈተች በኋላማ ምኑን ሴት ሆነችው?»

እንዲህ ያለችው የትኛዋ እንደነበረች አሁን አታስታውስም። ስድስት ወይ ሰባት ዓመቷ ነበር። አክስቷ ልብስ በምትቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ቁርጥራጭ ክር በጣቷ ላይ ስታጠነጥን፣ የሚታያት የሁለት ደንበኞች እግር ብቻ ነው። የሚያወሩት ሐኪም ቤት ገብታ ማህፀኗን ስለተቀደደች አንዲት ሴት ነበር። ባሏ ልብሱን ጠቅልሎ ስለመሄዱ፣ «ባዶ ቤት» ስለሚባል ነገር። ከላይ የአክስቷ መቀስ ጨርቁን እየበላ ሲሄድ ይሰማታል። ድንገት መቀሱ ቆመ፤ አክስቷ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሁለቱም ሴቶች ጸጥ አሉ። ምን እንዳለቻቸው ግን ከጭንቅላቷ ጠፍቷል። የቀረላት ፍርሃቱ ብቻ ነው።

ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ክፍሉ ያው ክፍል ነው። የመቁረጫው ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ ተጠግቶ ፔርሙዝና ብርጭቆ ተደርድሮበታል። ሁለቱ የስፌት መኪናዎች በአንሶላ ተሸፍነዋል። ያላለቁ የተማሪ ዩኒፎርሞች አንድ እጅጌ ብቻ እንደያዙ መስቀያው ላይ ተንጠልጥለዋል። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መቀስ» የሚላት አክስቷ ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ያኔ ጠረጴዛ ሥር የነበረችው ልጅ አሁን ጥግ ላይ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አንድ እጇን ከሆዷ ላይ አታነሳም። ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር ትነሳለች፤ ያቅፏታል፣ «አይዞሽ» እያሉ ይንጧታል። በእያንዳንዱ እቅፍ ከእምብርቷ በታች አንድ ነገር የሚሳብ ይመስላታል። ጠዋት መጸዳጃ ቤት ገብታ ስታየው ፋሻው ላይ የሳንቲም ያህል እርጥበት ነበር። ቢጫ ይሁን ቀይ፣ አምፖሉ ደካማ ስለነበር አልለየችውም። ደግማ ለማየት አልደፈረችም።

«ምን ሆና ነው የሞተችው?» አለ አንድ አዲስ ገቢ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የሐኪሙ ወረቀት ልቧ ነው ይላል።»

«ምን ልብ አለ! ያ ኦፕራሲዮን ነው እንጂ የጨረሳት» አሉ የሐዘንተኛዋ አማት፣ የባሏ እናት። አማቷ ሲያንሾካሹኩ ጎረቤት ይሰማል። «በስልሳ ዓመቷ እጢ አለብኝ ብላ ማህፀኗን ተቀደደች፤ ይኸው ወር እንኳ አልሞላት። እግዜር የዘጋውን ሰው በቢላ ይከፍታል?»

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ፀጉር ሠሪ ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። የሷና የእትዬ መቀስ ሱቅ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም ወርደውባታል፤ አሁን ደግሞ ከወሩ ግማሹን ስትደማ ነው የምትከርመው። ያንኑ ኦፕራሲዮን ልታደርግ ለሐሙስ፣ ለከነገ ወዲያ፣ ቀጠሮ ይዛለች። ደፍራ የያዘችውም እትዬ መቀስን አይታ ነበር፤ «እሷ በዚህ ዕድሜዋ ተቀድዳ በሳምንቷ ከተነሳች እኔ ምን ያስፈራኛል» ብላ።

«እኔ አልሄድም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «በቃ፣ እሰርዘዋለሁ።»

«ደግ አሰብሽ ልጄ» አሉ አማቷ።

ሐዘንተኛዋ አፏን ከፈተች። ቁስሉ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም። ይህቺው ናት ቃሏ፤ ምላሷ ላይ ደርሳለች። አማቷን አየቻቸው፤ እሳቸውም አዩዋት፤ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ወደ ሆዷ ዝቅ አደረጉ። ሰባት ዓመት እንዲህ ሲያዩት የኖሩት ሆድ ነው። አፏን ዘጋች።

*

ነገሩ የተጀመረው ከወር በፊት፣ በዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። የማህፀኗን ስዕል አንስቶ በእስክሪብቶ እያሳየ፣ «አራት እጢዎች ናቸው፤ ክፉ ዓይነት አይደሉም» አለ። «ትልቁ ብርቱካን ያክላል። እሱ ነው ጽንሱን የሚያስወርድብሽ። አውጥተን ማህፀኑን መልሰን እንሰፋዋለን። ነገር ግን ደም ከበዛ፣ ለሕይወትሽ ስንል ማህፀኑን ራሱን ልናወጣ እንችላለን። እዚህ ጋ ፈርሚ።»

እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። አክስቷ ጎንበስ ብላ አነሳችው።

«ስንት ስፌት ነው ዶክተር?»

«በሦስት ድርብ ነው የምንሰፋው።»

«ተመስገን! ይኼ ሰውዬ ሙያውን ያውቃል። ፈርሚ።»

የሁለቱ ተንኮል የተሸረበው ወደ ቤት ሲመለሱ በመንገድ ላይ ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ለሁለት ወር ሩቅ መንገድ ሄዷል። ሐኪም ቤቱ ግን እዚሁ ነው፤ አማቷም እዚሁ ናቸው። «ከሰሙ ልጃቸውን ሌላ አግባ ይሉታል አክስቴ» ብላ አለቀሰች። አክስቷ ትንሽ አሰበችና፣ «እኔ ነኝ የታመምኩት በያቸው» አለች። «አንቺ አስታማሚ ነሽ። የኔን ማህፀን ማን ይፈልገዋል? ለሐሜት እንኳ አይበቃ።»

ከሰመመን ስትነቃ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። የወጣላት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «አለ?»

አክስቷ ጆሮዋ ሥር ተጠግታ፣ «አለ» አለቻት። «እዚያው ቦታው ነው።»

ቤት ከገቡ በኋላ ጠያቂ በር ባንኳኳ ቁጥር ሁለቱ ይቀያየሩ ነበር። ቁስለኛዋ ከአልጋው እየቃተተች ትወርዳለች፤ ጤነኛዋ ዘልላ ትገባና እስከ አገጯ ትሸፈናለች። ከዚያ «ኧረ ሆዴን! ኧረ ሆዴን!» ትላለች እትዬ መቀስ፣ የሞተውን በሚያስነሳ ድምፅ። የተቀደደችው ደግሞ ቀጥ ብላ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ሻይ ትቀዳለች። እንግዳ ሲወጣ አልጋው ላይ ተያይዘው ይወድቃሉ።

«አታስቂኝ አክስቴ፣ ስፌቴ ይበጠሳል!»

«ይበጠስ፤ እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ መቀስ የተማሪ እጅጌ እየሰፋች ሳለ የስፌት መኪናው ድንገት ዝም አለ። ከጓዳ ሆና ትሰማ የነበረችው ቁስለኛዋ፣ ክር ጨርሳ ነው ብላ አሰበች። ትንሽ ቆይታ ስትወጣ የአክስቷ ግንባር ጨርቁ ላይ ነበር፤ እግሯ ከፔዳሉ አልወረደም።

*

እንግዳው ሳሳ ሲል ብርጭቆ ልታጥብ ወደ ጓሮ ወጣች። አስከሬኑን ያጠቡት ጡረተኛ ነርስ ተከትለዋት መጡ። የሰፈሩን ሰው በሽታ ሲይዘው የሚያገላብጡት፣ ሲሞትም የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው።

«አክስትሽን ያጠብኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ እማማ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።»

«ሆዷ የልጃገረድ ሆድ ነው። ጭረት እንኳ የለበትም።»

ብርጭቆው ከእጇ አምልጦ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። አልተሰበረም።

«አትደንግጪ። አርባ ዓመት የሰው ገላ አጥቤያለሁ፤ ያየሁትን እዚያው ትቼ ነው የምወጣው። አክስትሽን አሁን ሐሜት አይነካትም። የዚያችን የፀጉር ሠሪ ዓይን ውስጡን ግን አይተሽዋል? ደሟ አልቆ ነጭ ወረቀት ሆኗል። አንቺም ሦስት ቀን ሙሉ ሆድሽን ታቅፈሽ ነው የምትውዪው፤ ያም ይታይ።»

«እፈራለሁ እማማ።»

«ምኑን?»

የምትፈራው ብዙ ነው። አማቷን፣ ቅዳሜ የሚገባውን ባሏን፣ ፋሻው ላይ ያለውን እርጥበት፣ ይህ ሁሉ ሆኖም ላይወለድ የሚችለውን ልጅ። ከነዚህ ሁሉ በታች ግን ለሰው ያልነገረችው አንድ አለ። «ታምሜያለሁ ያለችው በኔ ምክንያት ነው» አለች። «በሽታውን በአፏ ጠራችው። እግዜር ሰማት።»

አሮጊቷ ብርጭቆውን ከሳፋው አንስተው እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁ።

«እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ችኩል ሰሚ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ በልጅነቴ ድፍት በል ያልኩት ወንድሜ ዛሬ የልጅ ልጅ አያይም ነበር። ልቧ ደክሞ ነበር ልጄ። እግሯ ሲያብጥ ዓመት አልፎታል፤ አንቺ ታመሽ አላየሽውም እንጂ።»

*

በማግስቱ፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ፀጉር ቤቱ መጋረጃው ተጋርዷል፤ በሩ ግን አልተቆለፈም። ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛ በሚታጠብበት ወንበር ላይ ተጋድማ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላለች።

«ዛሬ ሰው አልቀበልም» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ሐዘንተኛ ነሽ፤ ምን ልሥራልሽ?»

በሩ ላይ እንደቆመች፣ ወኔዋ ሳያልቅ፣ በአንዴ ተነፈሰችው፤ «አክስቴ ኦፕራሲዮን አልሆነችም። እኔ ነኝ የሆንኩት።»

«ሂጂ ወዲያ! እኔው ራሴ ሾርባ ይዤ መጥቼ ጠይቄያታለሁ እኮ። ‹ኧረ ሆዴን› ስትል ነበር።»

«ሾርባውን የበላሁት እኔ ነኝ። ጨው በዝቶበት ነበር።»

ፀጉር ሠሪዋ ቀስ ብላ ቀና አለች። ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ መጣና ሄደ። «እኔን ለማደፋፈር ነው የምትዋሺው። ነገ ብሞት በነፍሴ ትጠየቂያለሽ።»

ሐዘንተኛዋ ሸሚዟን ወደ ላይ ሰበሰበች፤ ቀሚሷን ዝቅ አድርጋ የፋሻውን ፕላስተር ላጠች። አግድም የተጋደመ፣ ጠርዙ የቀላ መስመር። ፀጉር ሠሪዋ ምንም ሳትል የመስተዋቱን መብራት አዞረችበት።

«እዚህ ጋ ፈሳሽ አለው።»

«አውቃለሁ።»

«ይሸታል?»

«አላውቅም። ማሽተት ፈራሁ።»

ሴትየዋ ተንበረከከች፤ አፍንጫዋን ወደ ቁስሉ አስጠጋች፤ ትንፋሿ ቆዳዋን ነካት። «አይሸትም» አለች።

«ለቅሶ ቤቱን ትተሽ የት ገባሽ ብዬ—»

አማቷ በሩ ላይ ነበሩ። ሐዘንተኛዋ ሸሚዟን እንደሰበሰበች ቀረች። በሌላ እጇ የመታጠቢያውን ጠርዝ ያዘች። አማቷ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ከቧንቧው ውሃ ጠብ ይላል።

«ስንት ቀኑ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«እሁድ ፍራሽ ያሸከምኩሽ እኔ ነኝ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚሉ። ከዚያም፣ «ማህፀኑስ?»

«አለ። አልወጣም።»

«ይወልዳል?»

«አላውቅም እማማ። ዶክተሩም አያውቅም። ብዙ ወር ጠብቂ ነው ያለኝ።»

«ልጄ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

አማቷ በሩን ያዙ። «ቅዳሜ ሲገባ ካንቺ አፍ ይስማው። ከኔ አይሰማም» ብለው ወጡ። የጫማቸው ድምፅ ከደጁ ድንጋይ ላይ ጠፋ። ማስፈራሪያ ይሁን ምሕረት፣ መለየት አልቻለችም። እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን አለ፤ እንቅልፍ ያለበት ቀን አይደለም።

ፀጉር ሠሪዋ ፋሻውን መልሳ ለጠፈችላት። ከዚያ ከጎኗ ተቀመጠች።

«በጣም ያማል?»

መዋሸት ይቻል ነበር። በዚህ ወር ግን ውሸት በቅቷታል። «የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስታስዪ ሞት ነው። መሳቅ ደግሞ ይብሳል።»

«ሲያስተኙሽ ምን አልሽ?»

«ጸለይኩ። ግማሹ ላይ ተኛሁ።»

«ጸሎቱ ሳያልቅ?»

«አክስቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጨርሳልኛለች።»

መንገድ ላይ መኪና ጥሩንባ ነፍቶ አለፈ። «ለኔስ ማን ይጨርስልኛል?» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እትዬ መቀስ ነበረች ልትመጣ ቃል የገባችልኝ።»

ሐዘንተኛዋ ያ ኮሪደር ትዝ አላት፤ የመድኃኒቱ ሽታ፣ የሚወዛወዘው በር፣ በበሩ መስታወት የሚታየው ነጭ ብርሃን። ከእንግዲህ በዚያ አላልፍም ብላ ምላ ነበር።

«እኔ እጨርስልሻለሁ» አለች።

ፀጉር ሠሪዋ ከመሳቢያዋ የሐኪም ቤቱን ወረቀት አወጣች። አልተቀደደም። ቀጠሮውን ለመሰረዝ ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስታ ሁለቴም መልሳው እንደነበር ተናገረች። የመጨረሻውን መስመር በጣቷ አሳየቻት፤ ታማሚዋ ጌጥ እንዳታደርግ፣ የጥፍር ቀለም እንዳይኖርባት ይላል። አሥሩም ጥፍሮቿ ደማቅ ቀይ ናቸው።

«የሰው እንጂ የራሴን አጥፍቼ አላውቅም» አለችና ጥጡንና የአሴቶኑን ጠርሙስ ሰጠቻት። «እጄም ይንቀጠቀጣል።»

«የኔም ይንቀጠቀጣል።»

«ይሁን።»

ሐዘንተኛዋ የተዘረጋላትን እጅ ጭኗ ላይ አኖረችው። ቀዝቃዛ ነው፤ እሁድ ለመጨረሻ ጊዜ ከያዘችው ከአክስቷ እጅ ግን ይለያል፤ ይኼኛው መልሶ ይይዛል። ከአውራ ጣቱ ጀመረች። ጥጡ ቀላ። ዓይኗን የጋረዳትን እንባ በትከሻዋ ጠርጋ ወደ ሁለተኛው አለፈች፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ከቀለሙ ሥር የወጣው ጥፍር ነጭ ነበር።

ትንሿ ጣት ላይ ስትደርስ ፀጉር ሠሪዋ ሁለተኛ እጇን አቀረበች።

«እሄዳለሁ» አለች። «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እሄዳለሁ። አንቺም እዚያው ቁስልሽን ታሳያለሽ።»

«እሺ» አለች፣ ጥጡን እየቀየረች።